ከወገብ ኦፕራሲዮን በኋላ፦ አልጋ ወይስ እግር?

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሱዳን በኩል አቋርጠው በወጣትነታቸው እዚህ የደረሱት ዛሬ ስድሳውንና ሰባውን ዓመት እያለፉ ነው። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆመው፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሽተኛ እያነሱና እያገላበጡ ልጆች ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። በነሱ ላይ ደግሞ ልጆቻቸው ከአገር ቤት ያስመጧቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ስለዚህ በየሬስቶራንቱ ጠረጴዛ ዙሪያ የወገብ ነገር ቢነሳ አያስገርምም። «እገሌ ወገቡን ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው» ሲባል ወዲያው ጨዋታው ይደራል፤ የትኛው ሐኪም እንደሚሻል፣ ብሎን ይገባ አይገባ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ መራመድ ያቃተው ሰው ይኖር እንደሆነ ይወራል። ኦፕራሲዮኑ ግን የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን ካወለቀ በኋላ የሚመጡት 12 ሳምንታት የበሽተኛውና የቤተሰቡ ሥራ ናቸው፤ ስለነሱ ግን ብዙም ሲነገር አይሰማም።

በባህላችን የታመመ ሰው ይተኛል። ጠያቂ ይመጣል፣ ቤቱ ይሞላል፣ አጥሚቱ ይፈላል። በሽተኛው ቀና ሊል ሲሞክር አሥር እጅ ትከሻውን ይዞ «ኧረ ይተኙ! ምን ፈልገው ነው? እኛ እናቀብልዎታለን» ይላል። ደግ ባህል ነው፤ በሰው አገር ብቻውን ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ነገር ግን ነርሷ ኦፕራሲዮኑ በተደረገበት ዕለት ማታ ወይም በማግሥቱ ጠዋት ዎከር እየገፋች ትመጣና «ተነሡ፣ እንራመድ» ትላለች። ቤተሰቡ ይደነግጣል። «ቁስሉ ገና ያልደረቀ ሽማግሌ ያስነሳሉ፤ አልጋውን ለሌላ ሊያከራዩት ነው» የሚልም አይጠፋም። ሆስፒታሎች አልጋ ቶሎ ማስለቀቅ እንደሚወዱ እውነት ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ነርሷ ትክክል ናት። ማስረጃ ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አንዱ ትልቅ ማስረጃ የተገኘው እዚሁ ዳላስ ነው።

በ1966 (እ.ኤ.አ.) ዛሬ ዩቲ ሳውዝዌስተርን በሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ስዊድናዊው ቤንግት ሳልቲን አብሯቸው ሆኖ፣ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ለ20 ቀን አልጋ ላይ አስተኟቸው። በሽታ የለ፣ ቁስል የለ፤ መተኛት ብቻ። ሲነሡ ሰውነታቸው በሥራ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እነዚያው 5 ሰዎች 50 ዓመት ሆኗቸው እንደገና ተመረመሩ። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ መተኛት በሃያ ዓመታቸው ያደረሰባቸው ጉዳት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርጅና ካደረሰባቸው በልጦ ተገኘ። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር፣ ሰዎቹ ለ6 ወር ያህል ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ ሲያደርጉ፣ እርጅና የወሰደባቸውን ያንን አቅም መልሰው ማግኘታቸው ነው።

ወጣቶቹ እንዲህ ከሆኑ አረጋውያንስ? በ2007 በጎረቤታችን በአርካንሳስ በተሠራ ሌላ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ 11 ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን ብቻ ተኝተው ቆዩ። በነዚያ 10 ቀናት ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀነሱ። የቀነሰው ስብ ሳይሆን ሰውን ከወንበር የሚያስነሳው ጡንቻ ነው። ወገባቸውን ኦፕራሲዮን የተደረጉ የ72 ዓመት እናት ደግሞ ከነዚህ ሰዎች በባሰ ቦታ ላይ ናቸው፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ወራት ሲቀመጡ ከርመዋልና። በዚያ ላይ መተኛት በእግር ውስጥ ደም ያረጋል፣ ሳንባን ለምች ያጋልጣል፣ ሆድን ያደርቃል። ጠያቂው ሁሉ በፍቅር «ይተኙ» ሲል እግራቸውን እየወሰደባቸው መሆኑን አያውቅም።

«ቢራመዱ የተሠራው ይፈርሳል» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች በብዛት ኦፕራሲዮን የሚደረጉት ነርቮች የሚያልፉበት የአከርካሪ ቦይ ስለሚጠብባቸው ነው። ጥቂት ሲራመዱ እግራቸው ይዝላል፣ ይቃጠላል፤ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲቀመጡ ይሻላቸዋል። የግሮሰሪ ጋሪ ላይ ተደግፎ ዎልማርትን መዞር የሚችል፣ ያለ ጋሪ ግን በር ድረስ መድረስ የሚያቅተው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ይህ በሽታ ነው ያለበት። ሐኪሙ ቦዩን የሚያጠበውን አጥንት ይጠርብና ለነርቩ ቦታ ይሰጠዋል፤ ይህ ላሚኔክቶሚ ይባላል። አጥንቱ ከቦታው የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ በብሎንና በብረት ዘንግ አሥሮ ሁለቱ አጥንቶች እንዲገጥሙ ያደርጋል፤ ይህ ፊውዥን ነው። የመጀመሪያው ቀለል ያለ ሲሆን ሁለተኛው ከባድ ነው። አጥንቱ ገጥሞ እስኪጠነክር ከ3 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም አንድ ዓመት ይፈጃል። በሁለቱም ግን ቀጥ ብሎ መራመድ የተሠራውን አያፈርስም። የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፤ ወደሱ እንመጣለን።

ብዙዎች «ለምን ሰው ሠራሽ ዲስክ አይደረግላቸውም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው እዚህ አካባቢ መነሳቱ ተገቢ ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የወገብ ሰው ሠራሽ ዲስክ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የተተከለው እዚሁ ፕሌኖ ውስጥ፣ በ1977 በተቋቋመው በቴክሳስ ባክ ኢንስቲትዩት ሐኪሞች ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሕክምና በአመዛኙ ዲስካቸው ብቻ ለተጎዳ፣ አጥንታቸው ለጠነከረ፣ በዕድሜ ላልገፉ ሰዎች ነው። ቦዩ ለጠበበበትና አጥንቱ ለሳሳ ሽማግሌ አይሆንም።

ወደ ቤት እንመለስ። ከአልጋ መነሣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ቀጥ ብሎ ለመነሣት መሞከር የለበትም። መጀመሪያ ጉልበቱን ማጠፍ፣ ከዚያ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ ሆነው እንደ ግንድ ወደ ጎን መንከባለል፣ እግሮቹን ከአልጋው ዝቅ እያደረገ በክንዱ ተገፍቶ መቀመጥ ነው። ልጆች ብብቱን ይዘው ጎትተው ከሚያነሡት ይህን ቢያስተምሩት ይበልጣል። ሲቀመጥም ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ በላይ በአንድ ቦታ አለመቆየት ነው። ጠያቂ መጥቷል ተብሎ ሦስት ሰዓት ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ከመራመድ ይልቅ ወገብን ያሳምማል። ሶፋው ደግሞ ይሰምጣል፤ ክንድ ያለው ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይመረጣል። ጠያቂዎች ከመጡ አይቀር አንዱ ተነሥቶ ከበሽተኛው ጋር እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ቢሄድና ቢመለስ ትልቅ ጥየቃ ነው።

መራመዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን ጥቂት ጥቂቱን በተደጋጋሚ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፤ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ መጨመር። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ብዙዎች ሳያቋርጡ ሠላሳ ደቂቃ ይደርሳሉ። የዘገየም ቢኖር ወደ ፊት እስከሄደ ድረስ ምንም አይደለም። ችግሩ ቦታው ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው፣ በመንገድ ሰው ሰላም ብለው፣ ጉሊት አይተው ይመለሱ የነበሩ እናት ጋርላንድ ወይም አርሊንግተን ውስጥ በአፓርትመንት ተዘግተው ይውላሉ። ደጁ መኪና ብቻ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ከሁለት ቤት በኋላ ያበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ፋረንሃይት ያልፋል። ስለዚህ ወይ በማለዳ መውጣት፣ ወይም ኖርዝፓርክን በመሰለ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በጥላና በተስተካከለ ወለል ላይ መራመድ ይሻላል። እቃ መግዛት ግዴታ አይደለም።

አሁን የሚጎዳው ነገር። ሐኪሞች ሦስት ነገር ይከለክላሉ፦ መጎንበስ፣ ከባድ ማንሣትና ወገብን መጠምዘዝ። ክልከላው ለላሚኔክቶሚ ብዙ ጊዜ 6 ሳምንት ያህል፣ ለፊውዥን 3 ወርና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ትክክለኛውን የሚወስነው ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ነው። የክብደቱ መለኪያ በብዛት አንድ ጋሎን ወተት ነው፤ ከዚያ የበለጠ አይነሣም። ይህ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጣል፤ ነገር ግን ወረቀቱ የኛን ቤት አያውቅም። ለቡና ማፍያ የሚቀመጡበት በርጩማ ከጉልበት በታች ነው፤ እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ረከቦቱ መዘንበል ከነመጎንበሱ ከነመጠምዘዙ ነው። ሲኒዎቹ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ፤ ቡናው ጣዕሙን አያጣም። የዶሮ ወጥ ድስት ከምድጃ ማውረድ፣ የሊጥ ባልዲ መጎተት፣ የልጅ ልጅን ከወለል ብድግ ማድረግ፣ ሁሉም ከጋሎኑ ያልፋሉ። የልጅ ልጁ ሶፋ ላይ ወጥቶ ጎናቸው ይቀመጥ።

ስግደትም እንዲሁ ነው። በኦርቶዶክስ አማኞች ዘንድ ሕመምተኛ ከስግደትም ከጾምም በንስሐ አባቱ ምክር ይቀልለታል፤ በሙስሊሞችም ዘንድ የታመመ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ ግን «ገና ሰው ነኝ» ብሎ በሚስጥር የሚሰግድ አለ። ልጅ ሲናገር የማይሰማ አባት፣ ቄሱ ወይም ሼኩ አንድ ጊዜ ስልክ ቢደውሉለት ይሰማል። ለቅዳሴ መቋሚያ ተደግፎ ጥቂት መቆም፣ ጥቂት መቀመጥ፣ መሐል ላይ ወጥቶ መራመድ ይቻላል። ቁስል የሚድነውና ጡንቻ የሚተካው በፕሮቲን ስለሆነ የሚጾሙም ሰዎች ቢሆኑ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውን አብዝተው መብላት አለባቸው፤ አጥሚትና ሻይ ብቻ አይበቃም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩ ከፍ ካለ ቁስሉ ይዘገያል፣ ያመረቅዛል፤ ጠያቂ ያመጣውን ለስላሳ መጠጥና ኬክ ለጠያቂው መልሶ ማቅረብ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ በተለይ ፊውዥን ከሆነ አጥንቱ ላይገጥም እንደሚችል ይወቅ።

ስለ ወጌሻ መናገር ግድ ነው። ወለምታ ያቀኑ፣ የተሰበረ ክንድ የጠገኑ ባለሙያዎች አገር ቤት አሉ፤ ሙያቸውን መናቅ አይገባም። በብሎን የታሠረን አከርካሪ ግን የሚያሽ፣ የሚስብ፣ በጉልበት የሚጫን ሰው ነርቭ ሊያበላሽ ይችላል። ቁስሉም ላይ ቅቤም ሆነ ቅባት አይደረግም፤ እስኪደርቅ ገንዳ ውስጥ አይዘፈቁበትም። ማሸትም ቢሆን የሚፈቅደው ሐኪሙ፣ የሚሠራውም ፊዚካል ቴራፒስት ነው።

ሕመሙ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ተስፋ መቁረጥን ያድናል። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚሻለው የእግር ሕመም ነው፤ ቀጥሎ የወገቡ ቁስል፤ መደንዘዙ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚለቅ፣ ወራትም ይወስዳል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ለዓመታት የተጨመቀ ነርቭ በአንድ ሳምንት አይነቃም። ይህ ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ኦፕራሲዮኑ አልሠራም» ብሎ አልጋው ላይ ይወድቃል። ሌላው በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ሲቀልለት «ድኛለሁ» ብሎ የሩዝ ከረጢት ከመኪና ያወርዳል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ደግሞ ሆድ ያደርቃሉ፣ ያዞራሉ፣ ይጥላሉም። ስለዚህ ውኃ ማብዛት፣ ሐኪሙ የሚያዘውን ማለስለሻ መውሰድ፣ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ ማንሣት፣ ነጠላ ጫማውን በተረከዝ በሚይዝ ጫማ መተካት፣ ሌሊት የመጸዳጃ ቤቱን መብራት አለማጥፋት ያስፈልጋል። ፊውዥን ለተደረገ ሰው እነ ኢቡፕሮፌንን ሐኪሙን ሳይጠይቁ መስጠትም ተገቢ አይደለም፤ አጥንቱ እንዳይገጥም ሊያዘገዩ ይችላሉ።

አንዳንድ አረጋውያን ከማደንዘዣው በኋላ በተለይ ሌሊት ይቀባዥራሉ። የሞተ ወንድማቸውን ይጠራሉ፣ ያሉበትን ይስታሉ፣ የተተከለላቸውን መርፌ ይነቅላሉ። ቤተሰቡ «አበዱ» ወይም «ሌላ ነገር ያዛቸው» ብሎ ይሸበራል። በአረጋውያን ላይ ከኦፕራሲዮን በኋላ በብዛት የሚታይ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ውስጥ ያልፋል። ለነርሷ ግን ወዲያው መናገር ያሻል፤ ከስሩ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም የመድኃኒት ብዛት ሊኖር ይችላልና። መነጽራቸውን፣ የጆሮ መሣሪያቸውን አለመርሳት ነው። ከሁሉም በላይ የሚያረጋጋቸው በአማርኛ የሚያናግራቸው የሚያውቁት ሰው ነው። እንግሊዝኛ ስላልመለሱ ብቻ «ግራ ተጋብተዋል» ተብሎ የሚጻፍባቸውም አሉና፣ ልጆች ሌሊቱን በፈረቃ ተከፋፍለው ቢያድሩ መልካም ነው።

ከሁሉ የከፋው ዝም የሚባለው ነገር ነው። አንድ አባት ከኦፕራሲዮን በኋላ ሽንታቸው አልመጣ ቢል ወይም ሳያውቁት ቢያመልጣቸው፣ ሰገራቸውን መቆጣጠር ቢያቅታቸው፣ በሁለት እግሮቻቸው መካከልና መቀመጫቸው ላይ ገላቸው ቢደነዝዝ፣ እግራቸው በድንገት ቢከዳቸው፣ ይህ እስከ ነገ የሚያድር ጉዳይ አይደለም። ነርቮቹ እየታፈኑ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታየ ጉዳቱ ዘላቂ ይሆናል። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ትንፋሽ ማጠርና ደረት መውጋት ደግሞ 911 ያስደውላል። አንድ እግር ብቻ ማበጥና ባቱን ማመም፣ ትኩሳት፣ ቁስሉ መቅላትና ፈሳሽ ማውጣት፣ ቀጥ ሲሉ የሚብስ ራስ ምታት፣ እነዚህ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገራሉ።

ነገር ግን እኒያ አባት ይህን ለማን ይናገሩ? ክፍሉ ውስጥ የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ምራት ወይም የ14 ዓመት የልጅ ልጅ ነው። ሐኪሙ «ሽንትዎ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ልጅቷ አፍራ ታለሳልሰዋለች፤ አያትየውም አፍረው «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ደኅና ተብሎ ይጻፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ስለ እንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ፣ ይኸውም ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚወስድ ማለት ነው፣ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በሕግ አለበት። በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚቀርብ የማያውቁት አማርኛ ተናጋሪ ሰው ለሽማግሌ ከልጅ ልጅ ይልቅ ይቀላል። ቤተሰቡ በዚያች ሰዓት ከክፍሉ ወጣ ቢል ደግሞ የበለጠ ይቀላል። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ማንም ሊቆጣ አይችልም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መታሰብ አለበት። በመደበኛው ሜዲኬር፣ በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለማገገም ቢገባ ሜዲኬር የሚከፍለው ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ቀን «ኢንፔሸንት» ተብሎ ሆስፒታል ከተኛ ነው፤ የሚወጣበት ቀን አይቆጠርም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ሰውየው አልጋ ላይ ነው፣ ጋዎን ለብሷል፣ ምግብ ይመጣለታል፤ መዝገቡ ላይ ግን «ኦብዘርቬሽን» ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እነዚያ ሌሊቶች አይቆጠሩም። ከ24 ሰዓት በላይ በኦብዘርቬሽን የቆየ የሜዲኬር በሽተኛ ይህንኑ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሳያነቡ መፈረም ከሚያስከፍሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሁኔታው ከተሟላ የመጀመሪያው 20 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ግን በየቀኑ ድርሻ አለ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ የያዙት የየራሳቸው ደንብና የቅድሚያ ፈቃድ ስላላቸው ከቀጠሮው በፊት ደውለው ይጠይቁ። ቤት ሆነው የሚድኑትም፣ ከቤት መውጣት የሚያስቸግራቸው ከሆነና ሐኪም ካዘዘ፣ ፊዚካል ቴራፒስቱ ቤታቸው ድረስ ይመጣል።

ልጆቻቸው ያስመጧቸው ወላጆች፣ እዚህ አገር 10 ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ካልከፈሉ፣ ሜዲኬር በክፍያ ለመግባት እንኳ 65 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 5 ዓመት ያለማቋረጥ መኖር አለባቸው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ ያልያዙትን ከሜዲኬር ውጭ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ማመልከቻውን ያቆዩ ሰዎች ፋይላቸውን ቢያነሡ ይሻላል። ቴክሳስ ሜዲኬድን ካላሰፉት ግዛቶች አንዷ ናት። ኢንሹራንስ የሌለው የዳላስ ካውንቲ ነዋሪ ፓርክላንድ ሆስፒታል፣ የታራንት ካውንቲ ነዋሪ ደግሞ ፎርት ዎርዝ የሚገኘው ጄፒኤስ፣ በገቢ መጠን የሚሰጥ የክፍያ እርዳታ አላቸው። ማመልከቻው የአድራሻና የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል፤ የኦፕራሲዮን ቀን እስኪቆረጥ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሜዲኬር በሽተኛ «ዛሬ ውጣ» ተብሎ፣ ገና ከአልጋ መነሣት ካልቻለ ወይም ቤት የሚጠብቀው ሰው ከሌለ፣ ይግባኝ የማለት መብት አለው። ሆስፒታል የተኛ ሰው በገባ በሁለት ቀን ውስጥ ስለዚህ መብት የሚናገር ወረቀት ይሰጠዋል፤ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር እዚያው ላይ አለ። መደወል ያለበት ውጣ በተባለበት ዕለት፣ ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ነው።